ትሪው መብራት አይፈልግም

መቼም ለኮንዶሚኒየም ሰው የውሃን ነገር ለማስረዳት ረጅም መግቢያ አያስፈልግም። «ዛሬ ፈረቃችን ነው» ካልኳችሁ ገብቷችኋል። እማዬና እኔ የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ እኛ ብሎክ የሚመጣው በቀን ተቆጥሮ ነው፤ በመጣበት ቀንም በጠራራ ፀሐይ እኛ ዘንድ አይደርስም። ከታች ያሉት ሁሉ ቧንቧቸውን ከፍተው ስለሚቀዱ ግፊቱ አራተኛ ፎቅ ሳይወጣ ያልቃል። ወደኛ የሚወጣው አገር ሲተኛ፣ ከሌሊቱ 7 እና 8 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ያልነቃ ሰው እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ደረጃ ይቆጥራል። ሊፍት የለንም፤ 20 ሊትር ውሃ ደግሞ 20 ኪሎ ነው።

እማዬ ለዚህ የራሷ ዘዴ ነበራት። ማታ ከመተኛቷ በፊት የኩሽናውን ቧንቧ ከፍታ ትተወዋለች፤ ከሥሩ አንድ አሮጌ የቆርቆሮ ትሪ ገልብጣ ታስቀምጣለች። ውሃ ሲመጣ ትሪው ላይ ይወርዳል። ትሪው ይጮኻል። እማዬ ትነሳለች። በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ ሳፋውን፣ ባዶ የዘይት ዕቃ ሳይቀር ሞልታ ተመልሳ ትተኛለች። እኔ ጠዋት ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ። (አዎ፣ አፍሬያለሁ።)

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እማዬ ትሪው ባይጮኽም ትነቃለች። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሲጮኽስ ደህና ነው፤ የሚጨንቀኝ ዝም ሲል ነው። ውሃው ስላልመጣ ነው ወይስ ትሪው ተንሸራትቶ?» አለችኝ። ስለዚህ በየሌሊቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስታ ኩሽና ሄዳ ታያለች። የደም ግፊቷን የሚከታተላት ሐኪም «እንቅልፍሽን አስተካክይ» ሲላት ግን ስለ ትሪው አልነገረችውም።

እኔ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር የዋልኩ ልጅ ነኝ። «ይሄማ በስልክ መልእክት የሚያልቅ ነገር ነው» አልኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የዚህች ዓረፍተ ነገር ቅጣት ነው።

*

የሠራሁት ነገር ከባድ አይደለም። ኤስፕረሲፍ የተባለው የሻንጋይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ላይ ያዋላት ኢኤስፒ8266 የምትባል ቺፕ አለች። ዋይፋይ ያላት፣ ከነሰሌዳዋ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት። ከእሷ ጋር ቧንቧ ላይ የሚገጠም የውሃ ፍሰት ሴንሰር አገናኘሁ። በውስጡ ማግኔት ያላት ትንሽ መንኮራኩር አለች፤ ውሃ ሲያልፍ ትሽከረከራለች፣ ስትሽከረከር የኤሌክትሪክ ምት ትሰጣለች። የኔዋ ለአንድ ሊትር 450 ያህል ምት ትሰጣለች። ምቱን መቁጠር የቺፗ ሥራ ነው። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ማንም ሰው ቦት እንዲሠራ ስለፈቀደ፣ ምት ሲኖር «ውሃ መጣ» ብሎ ለእማዬና ለእኔ የሚጽፍ ቦት አዘጋጀሁ። ትሪውን አንስቼ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት።

የመጀመሪያው ሌሊት፣ 7፡40 ላይ፣ ጢጥ። «ውሃ መጣ።» እኔም እማዬም ተነሳን። ኩሽና ስንደርስ ቧንቧው ያፏጫል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። ለካስ ባዶ የከረመ ቧንቧ ውስጡ አየር ነው። ውሃው ከታች ሲገፋ መጀመሪያ የሚወጣው አየሩ ነው፤ ለመንኮራኩሯ ደግሞ አየርም ውሃም ያው ማሽከርከር ነው። ተመልሰን ተኛን። ጢጥ። «ውሃ ሄደ።» ጢጥ። «ውሃ መጣ።» ጢጥ። «ውሃ ሄደ።» እስኪነጋ 41 መልእክት ቆጠርኩ። እማዬ ጠዋት ቡና እያፈላች «አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር ውሃ ነው ወይስ ሐሜት የሚያመጣው?» አለችኝ።

ይህን ማስተካከል ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለምትሞክሩ ስለሚጠቅም ልንገራችሁ። አንደኛ፣ መታገሥ ነው። መንኮራኩሯ እንደዞረች ሳይሆን ለ20 ሰከንድ ሳታቋርጥ ስትዞር ብቻ ውሃ መጣ በል። አየር ይተነፍሳል ያቆማል፤ ውሃ ግን አንዴ ከጀመረ ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ የመምጫውን መስመርና የመሄጃውን መስመር መለየት ነው። እኔ በአንድ ቁጥር ላይ ነበር ሁለቱንም ያሰርኩት፤ ፍሰቱ በዚያች ቁጥር ዙሪያ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ቦቱ ይለፈልፋል። አሁን በደቂቃ ከ3 ሊትር በላይ ሲሆን «መጣ» ይላል፤ «ሄደ» የሚለው ግን ከ1 ሊትር በታች ወርዶ 5 ደቂቃ ከቆየ ነው። በመካከል ያለውን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ቤታችሁ ያለው ፍሪጅ የሚሠራው በዚሁ ነው፤ ሞተሩ የሚነሳበትና የሚጠፋበት ሙቀት አንድ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ ሲነሳ ሲጠፋ ይውል ነበር።

41 የነበረው መልእክት በሌሊት 2 ሆነ። እማዬም «እደግ!» አለችኝ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር።

*

አላቆምኩም። ሴንሰር እንደ ቆሎ ነው፤ አንዴ ከጀመራችሁ እጃችሁ አይሰበሰብም። ፍሪጁ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ከተትኩ። «ፍሪጁ 9 ዲግሪ ደርሷል።» በሩ ላይ ማግኔት ለጠፍኩ። «በር ተከፈተ።» (የከፈትኩት እኔ ነኝ!) ራውተሩ ሲጠፋና ሲበራ፣ የእርጥበቱ መጠን ሲጨምር፣ የቺፗ ባትሪ ሲቀንስ… ሁሉም ለየራሱ ይጽፍልኛል። ባቡሩ ልደታ ጣቢያ ሲደርስ የሚነግረኝ ብቻ ነበር የቀረው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ምን ሆነ? እማዬ የቦቱን ድምፅ ዘጋችው። እኔም ዘጋሁት። ለመዝጋት አልተማከርንም። እሷ «ልጄ ይሰማዋል» ብላ፣ እኔም «እማዬ ትሰማዋለች» ብዬ።

ይህ የኔ ስንፍና ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ሳነብ ተረዳሁ። በአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በሕሙማን አልጋ ዙሪያ ስለሚጮኹ ማንቂያዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ባሉት ጊዜያት ከማንቂያ ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች ሪፖርት ተደርገውለታል፤ 80ዎቹ በሞት ያለቁ ናቸው። እዚያው ላይ የሰፈረው ሌላ ቁጥር ደግሞ፣ ከሚጮኹት ማንቂያዎች ከ85 እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ነርስ ወይም ሐኪም እንዲነሳ የሚያስገድዱ አይደሉም ይላል። ማሽኑ ጮኾ ነበር። ሰው ግን ከመቶ ዘጠናውን በከንቱ የሚጮኽ ነገር መስማት ያቆማል። ጆሮ ራሱን የሚከላከለው እንደዚያ ነው።

የተረቱ እረኛ «ቀበሮ መጣ!» እያለ ሰፈሩን አታለለ እንላለን። የኔ ቦት ግን አንድም ቀን አልዋሸም። በር ተከፍቶ ነበር፤ ፍሪጁም 9 ዲግሪ ነበር። እውነት እየተናገሩም እንደ እረኛው መሆን ይቻላል ማለት ነው።

*

አሁን ወደ ሐሙስ ሌሊት ልውሰዳችሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ፈረቃ ውሃው ወደኛ ሳይወጣ አልፏል። በርሜላችን ወለሉ እየታየ ነው። እኔ በልቤ የቦቱን ድምፅ መልሼ ከፈትኩ፤ ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። እማዬ ትሪውን ለማውረድ ስትንጠራራ አይቼ «እማዬ ተይው፣ እኔ አለሁ፤ ዛሬ እንኳ ጠግበሽ ተኚ» አልኳት። ተኛች። በስንት ዘመኗ መሰላችሁ!

ሌሊቱ ዝም እንዳለ ነጋ። ስልኬን አየሁ፤ አንድም መልእክት የለም። «አልመጣም» ብዬ ተገላበጥኩ። ከዚያ ከታች የምንጣፍ ማጠቢያ ብሩሽ ድምፅ ሰማሁ። ሰው ምንጣፍ እያጠበ ነው። ወጥቼ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ሦስተኛ ፎቅ ልብስ ተሰጥቷል። ከኛ ትይዩ አራተኛ ፎቅም ተሰጥቷል።

መብራት ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ጠፍቶ ነበር። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ጠፋ፣ ራውተሩ ሲጠፋ ቺፗ የምትጽፍበት መንገድ ጠፋ። ውሃው መጥቶ፣ በተከፈተው ቧንቧችን በኩል ሲወርድ አድሮ፣ መብራቱ ሳይመጣ ተመልሶ ሄዷል። እኔ ያንን ዝምታ «ውሃ የለም» ብዬ አንብቤዋለሁ። ዝምታው ግን የሚለው ሌላ ነበር፤ «የሚነግርህ የለም» ነበር የሚለው።

እኔ እስክለባብስ እማዬ ቀድማኝ ሁለት ጀሪካን ይዛ ወርዳለች። ጎረቤት ለምና፣ አንዱን አውጥታ፣ ሁለተኛውን ይዛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጉልበቷን ይዛዋለች። ፊቷ ላብ በላብ ነው። ጀሪካኑን ልቀበላት ስል አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ምንም አይደል ልጄ። ትሪው ግን መብራት አይፈልግም ነበር» አለችኝ።

ጉልበቷ ሳምንቱን ሙሉ አብጦ ከረመ።

*

ከዚያ በኋላ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ መልእክቱ አይደለም፤ ስለ ዝምታው ነው። እማዬ ያኔ «የሚጨንቀኝ ዝም ሲል ነው» ያለችው የሥራው ዋና ቁምነገር ኖሯል። በየሌሊቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነስታ ኩሽና የምታየው ውሃውን ብቻ አልነበረም፤ ትሪው በቦታው መኖሩንም ነበር። እኔ ትሪውን በማሽን ተካሁ፤ የእማዬን መነሳት ግን በምንም አልተካሁም።

ይህን ችግር ቀድመውን ያሰቡበት ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የአይቢኤሙ አንዲ ስታንፎርድ-ክላርክና አርለን ኒፐር የተባለ መሐንዲስ፣ ርቀው የተዘረጉ የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ኤምኪውቲቲ የተባለ የመልእክት አሠራር ቀረጹ። የሳተላይት መስመር ውድም ደካማም ስለነበር መልእክቶቹ አጫጭር ናቸው። ዛሬ በየቤቱ ያሉ ብዙ ዕቃዎች በዚሁ አሠራር ያወራሉ። ውስጡ አንድ በጣም የወደድኩት ነገር አለ፤ ኑዛዜ። ቀልዴን አይደለም፣ ስሙም የመጨረሻ ኑዛዜ ነው። ዕቃዋ ገና ከሰርቨሩ ጋር ስትገናኝ «ድንገት ድምፄ ቢጠፋ ይህን ቃል ለሰዎቹ አድርስልኝ» ብላ አደራ ታስቀምጣለች። በየስንት ጊዜው ድምፅ እንደምታሰማም ትናገራለች። የኔዋ በየ60 ሰከንዱ ብላለች። ሰርቨሩ የዚያን ጊዜ አንድ ተኩል፣ ማለትም 90 ሰከንድ ጠብቆ ምንም ካልሰማ ኑዛዜውን ያነባል።

በእርግጥ ሰርቨሩ ራሱ ከኛ ቤት ሶኬት ላይ ከተሰካ አብሮ ነው የሚሞተው። ስለዚህ አደራ ተቀባዩን ከቤት አውጥቼ ውጭ በትንሽ ክፍያ የተከራየሁት ሰርቨር ላይ አስቀመጥኩት። ቺፗንና ራውተሩን ደግሞ በባትሪ ደገፍኳቸው። መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ኑዛዜ እንዳይነበብብኝ ሰርቨሩ 10 ደቂቃ ታግሦ እንዲጽፍ አዘዝኩት። ራውተሩ ቢሞት እንኳ ስልኬ በሞባይል ዳታ መልእክቱን ይቀበላል።

የፍሪጁን፣ የበሩን፣ የእርጥበቱን ነገር ሁሉ ነቀልኩት። በየአንዳንዱ መልእክት ፊት አንድ ጥያቄ አቆምኩ፤ «ለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከአልጋ እነሳለሁ?» የማልነሳ ከሆነ አይጮኽም። አሁን ቦቱ የሚናገረው አራት ነገር ብቻ ነው።

«ውሃ መጣ።» ይህ ይጮኻል፤ የራሱ ድምፅ አለው፣ ስልኬ ዝም እንዲል በታዘዘበት ሰዓትም ያልፋል።

«ውሃ ሄደ።» ይህ ያለ ድምፅ ይገባል። ቴሌግራም ቦት ድምፅ አልባ መልእክት እንዲልክ ይፈቅዳል፤ ጠዋት አየዋለሁ።

«ድምፄ ጠፍቷል፤ በእኔ አትተማመኑ።» ይህ ኑዛዜው ነው። በፈረቃችን ሌሊት ይጮኻል፤ በሌላ ቀን አይጮኽም።

«ተመልሻለሁ።» ይህም ያለ ድምፅ።

*

ታሪኩ ወሬ ሆኖ ወረደና የደረጃችን ጎረቤቶች «እኛንም አስገባን» አሉኝ። መጀመሪያ በነበረን የጋራ ግሩፕ ላይ ቦቱን ጨመርኩት። ስህተት ነበር። «ውሃ መጣ» የሚለው ከ«እንኳን አደረሳችሁ»፣ ከአበባ ምስልና ከጠፋ ቁልፍ ማስታወቂያ መሃል ተውጦ ቀረ። ስለዚህ ከቦቱ በስተቀር ማንም የማይጽፍበት ለብቻው ቻናል ከፈትኩ። አንድ ጎረቤታችን «ማን ስንት ሊትር እንደሚቀዳም ያሳየናል?» ሲሉኝ አላሳይም አልኩ። የውሃ መስመር ሰው ቤቱ መቼ እንዳለና መቼ እንደሌለ ይናገራል፤ ያ ደግሞ የማንም ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የድሮው ልደታ ትዝ ያለኝ፤ ማለቴ እማዬ የምታወራው ልደታ። ይህ ኮንዶሚኒየም የቆመው በ2000ዎቹ መጀመሪያ በፈረሰ ሰፈር ላይ ነው። በድሮው ግቢ ቧንቧው አንድ፣ ለብዙ ቤት ነበር። ውሃ ሲመጣ ቀድሞ የሰማ ሰው «ውሃ መጣች!» ብሎ ይጮኻል። የተኛ ይነቃል። ያልወጣ ካለ በሩ ይንኳኳል፤ «አልሰማሽም እንዴ? ውሃ መጥታለች!» እማዬ ስታወራው ሳቅ ትላለች። እኔ ደግሞ በቦት ሰሪ ጆሮ ነው የሰማኋት። በዚያ ግቢ መልእክት መላክ ብቻ አይደለም የነበረው፤ መድረሱን የሚያረጋግጥ ሰውም ነበር።

በትልቁም ነገር ቢሆን ይኸው ነው። በአፋር ክልል በሞተር ውሃ በሚስቡ ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ፣ ፓምፑ እየሠራ መሆን አለመሆኑን ከርቀት የሚናገሩ ሴንሰሮች ተተክለዋል። በሩዋንዳም በእጅ ፓምፖች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥናት ብልሽት ተጠግኖ እስኪመለስ ወራት ይፈጅ የነበረው ወደ ሳምንታት መውረዱን አሳይቷል። ሴንሰሩ ግን ፓምፕ አይጠግንም። መልእክቱን ሰምቶ መፍቻውን ይዞ የሚሄድ ባለሙያ ስለተመደበ ነው የተጠገነው። የሚነሳ ሰው ከሌለ መልእክት ማለት በሩቅ ሆኖ ብልሽትን መቁጠር ነው።

ስለዚህ በደረጃችን ተራ አወጣን። በየፈረቃው አንድ ወጣት ባለተራ ነው። «ውሃ መጣ» የሚለው መልእክት ከሥሩ «ተነስቻለሁ» የሚል ቁልፍ አለው። ባለተራው በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልነካው ለሚቀጥለው ሰው ይጮኻል። የተነሳው ሰው የራሱን እየቀዳ፣ ስልክ የማይጠቀሙትን አዛውንቶች በር ያንኳኳል። ኤምኪውቲቲም ኢኤስፒም የደከሙት መጨረሻ ላይ አንድ ሰው በር እንዲያንኳኳ ነው ማለት ነው።

*

ሥራዬን ሁሉ ለእማዬ በዝርዝር አስረዳኋት፤ ኑዛዜውን፣ ባትሪውን፣ ተራውን። በጥሞና ሰማችኝ። «ጎበዝ» አለችኝ። ማታ ኩሽና ስገባ ትሪው ቁም ሳጥኑ ላይ የለም። ቧንቧው ሥር ተገልብጦ ተቀምጧል። ምንም አልተናገርኩም። እውነቷን ነው። ከኔ ነገሮች ሁሉ መብራትም፣ ዋይፋይም፣ ካርድም የማይፈልገው እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ሌሊት ተራዬ ነበር። 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ወዲያው ኩሽና ውስጥ ትሪውም ጮኸ። «ተነስቻለሁ» የሚለውን ነክቼ ተነሳሁ። ትሪውን አንስቼ በርሜሉን ከቧንቧው ጋር በጎማ አገናኘሁ። ወጥቼ ሁለት በር አንኳኩቼ ተመለስኩ። ያኔ ነው የእማዬ ክፍል ዝም ማለቱን ያስተዋልኩት። ይህን ሁሉ ጩኸት ሰምታ አልወጣችም።

ዝምታ አላምንም፤ ተቀጥቼበታለሁ። በሩን ቀስ ብዬ ከፍቼ ቆምኩ፤ ትንፋሿን እስክሰማ።

ተኝታለች። እንደ ልጅ ነው የተኛችው።

በሩን ዘግቼ ወደ በርሜሌ ተመለስኩ። ቸር እንሰንብት!